ዘጠኝ ዲግሪ

«ቀኑ ጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር» ይላል ሾፌሩ። ወዲያው ደግሞ ራሱን ይነቀንቃል። «አይ፣ ሃያ መሆን አለበት። አሥራ ዘጠኝ ላይማ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጎማው ላይ የሚታሰረው ሰንሰለት ተበጥሶብኝ መኪናው ጋራዥ ነበር።» ትንሽ ቆይቶ ሰንሰለቱ የተበጠሰው የዚያን ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት እንደነበር ትዝ ይለዋል። ቀኑ እንዲህ እያደረገ ያመልጠዋል። ቁጥሩ ግን አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም። ዘጠኝ።

ተራራውን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው ከተማ በሚወስደው የሰባት ሰዓት መንገድ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶብስ ነድቷል። በመነሻው ጣቢያ፣ ከዕቃ መቀበያው መስኮት ጀርባ፣ ሚዛኗ የሚሏት ሴት ትቀመጥ ነበር። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮቹ ናቸው። ጣቢያው ውስጥ በወለል ጠራጊነት ገብታ፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ መስኮቱን ሰጧት። አንድ ሻንጣ በእጇ ከፍ አድርጋ «አሥራ ስምንት ተኩል» ካለች፣ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አሥራ ስምንት ተኩል ነው።

«ሚዛኑ ሲበላሽ አንቺን እንሰቅላለን» ይሏታል።

«እናንተ ስትበላሹ ግን ምትክ የላችሁም» ትላለች፤ ቀና ብላም አታያቸውም።

በአውቶብሱ ደንብ እንስሳ ከተሳፋሪ ጋር አይገባም። ውሻም ሆነ ድመት በሳጥን ሆኖ ከታች፣ ከዕቃው ጋር ይጓዛል። አንድ የብርድ ወር እሷ ራሷ የተቀበለቻት ድመት ማዶ ስትደርስ እንደ ማገዶ ደርቃ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ሚዛኗ የሥራ አስኪያጁን በር ስትመላለስ ከርማ አንድ ደንብ አስወጣች፤ ከመስኮቷ አጠገብ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ከአምስት ዲግሪ በታች ካሳየ እንስሳ አይጫንም።

ከአምስት በላይ ቢሆንም እሷ ዘንድ ማለፍ ቀላል አልነበረም።

«ይሄ ምንድነው? ቆርቆሮ! እርስዎ ቆርቆሮ ላይ ይተኛሉ?»

«ኧረ ብርድ ልብስ አለው፣ እመቤት።»

«ከላይ ነው ያለው። ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። ካርቶን ያንጥፉ፣ ብርድ ልብሱን በላዩ። የውሃውን ሳህን ያውጡት፤ ተደፍቶ ጠጉሩን ካረጠበው አለቀለት። ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ይሙሉ፣ ጠርሙሱን ሱፍ ካልሲ ውስጥ ይክተቱት። ካልሲ የለኝም እንዳይሉኝ፤ እግርዎ ላይ አይቻለሁ።»

ሰው እየሳቀም እያጉረመረመም ካልሲውን ያወልቃል። በመጨረሻ ወጥታ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ መዳፏን በዕቃ መጫኛው ወለል ላይ ታሳርፋለች። እጇ እሺ ካላለ አይጫንም።

ሾፌሩን ያቃጠለው ይህ ነበር። አንድ ድመት በተመለሰ ቁጥር ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፣ እሱም ተራራው አናት ላይ የሚደርሰው ጉም ከወረደ በኋላ ነው። ገደል ዳር በጉም መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ለሚዛኗ ብዙ ጊዜ ነግሯታል። «ቀስ ብለህ ንዳ» ነበር መልሷ።

አንድ ጠዋት ከማንም ቀድሞ መጣና ቴርሞሜትሩን ከሚስማሩ አውርዶ ከመስኮቱ በሌላው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ለራሱ የሰጠው ምክንያት ነበረው፤ የድሮው ቦታ ነፋስ ላይ ነው፣ መስታወቱን ውርጭ ይሸፍነዋል፣ ለማንበብ አይመችም። እውነቱንም ነው፣ አይመችም ነበር። ከአዲሱ ግድግዳ ጀርባ ግን የመጠበቂያው ክፍል ምድጃ የጭስ ቱቦ ያልፋል። ይህንንም ያውቅ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴርሞሜትሩ ከሰባት ወርዶ አያውቅም። አየሩም ለአንድ ሳምንት ያህል ለዘብ ብሎ ስለነበር የተጫነው ሁሉ በደህና ደረሰ። ጭቅጭቅ ቀረ። ሾፌሩ በሰዓቱ እየወጣ በሰዓቱ ይገባ ጀመር።

ያን ዕለት፣ አሥራ ዘጠኝም ይሁን ሃያ፣ ብርዱ ተመልሶ መጣ። አንዲት ጡረታ የወጡ አዛውንት አስተማሪ ውሻቸውን ይዘው ቀረቡ። ጓዴ ይሉታል። ማዶ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው መግባታቸው ነው። ሳጥኑ የእንጨት ነው፣ ካርቶኑ ተነጥፏል፣ ጠርሙሱ በካልሲ ተጠቅልሏል። ሚዛኗ የምትነቅፈው አጣች። ወጥታ ጓንቷን አወለቀች፣ ወለሉን ዳሰሰች፣ እጇንም እንደተቃጠለ ሰው መለሰችው።

«እትዬ፣ ዛሬስ ይቅርብዎ። ብረቱ ይናከሳል። ነገ ይሂዱ።»

«ነገ የት አድሬ ነው ልጄ? የቤቱን ቁልፍ አስረክቤ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ይገባኛል፣ ግን…»

«ደንቡ አምስት ነው። ባለፈው በአራት የመለስሽኝ አንቺ ነሽ፤ አልተከራከርኩሽም። ዛሬ ዘጠኝ ይላል። ይኸው አንብቢው።»

ሾፌሩ ሁሉንም በስፖኪዮው ያይ ነበር። ክላክስ አደረገ። «ኧረ እንሂድ! ጉሙ አይጠብቀንም!»

ሚዛኗ ቴርሞሜትሩን አየች። ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ባዶ የቀረውን የድሮውን ሚስማር። ከዚያ ዞር ብላ በስፖኪዮው ውስጥ እሱን አየችው። ረጅም ነው ያየችው። እሱ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እንደገና ሲያይ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ እየጻፈች ነበር። የእንስሳ ዓይነት፣ ውሻ። የአየር ሁኔታ፣ ዘጠኝ ዲግሪ። ፊርማ።

ተራራው አናት ላይ ለእረፍት ሲቆሙ አስተማሪዋ ጓዴን ልይ አሉ። የዕቃ መጫኛውን በር የከፈተው ሾፌሩ ነው። ጠርሙሱ ካልሲው ውስጥ እንዳለ በረዶ ሆኗል። ውሻው አፍንጫውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ ተጠቅልሏል፤ ቢጠሩት አይነሳም፣ ቢነቀንቁት ሁሉ ነገሩ አንድ ላይ ይነቃነቃል። አስተማሪዋ ጓንታቸውን አውልቀው ጆሮው ላይ አስቀመጡለት።

«ይቅርብዎ ብላኝ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ በቁጥር የተሟገትኳት።»

ሾፌሩ በሩን ዘጋ። የቀረውን ሦስት ሰዓት እንዴት እንደነዳው አያስታውስም።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። የአስተማሪዋ ልጅ አቤቱታ አስገብታለች፤ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት።

«ያንን ቴርሞሜትር ምድጃ ላይ የሰቀለው ማን ነው?»

ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። አፉን ለመክፈት ሞከረ፤ ወይም አሁን ሲያስበው የሞከረ ይመስለዋል።

«የሰቀለው ምን ያደርግልዎታል?» አለች ሚዛኗ። «ያነበብኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ። እጄ የነገረኝን ትቼ።»

«እንግዲያው ጥፋቱን ታምኛለሽ?»

«ጽፈውት የለ እንዴ አስቀድመው? ይስጡኝና ልፈርም።»

አሥራ ስድስት ዓመት የተቀመጠችበትን መስኮት በአንድ ፊርማ ለቀቀች። ከቢሮው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ።

ዕቃዋን ልትወስድ የመጣችው በሳምንቱ ነው። ሾፌሩ አውቶብሱ ስር ገብቶ ሰንሰለት ያስር ነበር። እግሯን አይቶ ለያትና ወጣ። በአንድ እጇ ትራሷንና ኩባያዋን በፌስታል ይዛለች፤ ካፖርቷ ደረቷ ላይ አብጦ ከመሃሉ የድመት ጆሮ ብቅ ብሏል።

«ሄድሽ?»

«ሄድኩ። ማዶ እህቴ ዘንድ። በዚያችኛዋ ነው» አለችና በአገጯ የሌላ ድርጅት የሆነችውን ትንሿን አውቶብስ አሳየችው። «እነሱ ጭን ላይ ይፈቅዳሉ።»

«ጥሩ ነው። ይሞቃታል።»

«እኔንም ታሞቀኛለች።»

ሰባት ሌሊት ሙሉ ያዘጋጀው ነገር ነበረው። እኔ ነኝ የሰቀልኩት የሚል አልነበረም፤ ያንን ለራሱም ጮክ ብሎ ብሎት አያውቅም። ያዘጋጀው ጥያቄ ነው። ያን ጠዋት በስፖኪዮው ስታዪኝ፣ እኔ መሆኔን አውቀሽ ነበር? ይኸው ብቻ። አላወቅኩም ካለችው እንቅልፍ የሚወስደው መስሎት ነበር።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰንሰለቱን አጥብቀው» አለች ቀድማ። «ዛሬ ከዜሮ በታች አራት ነው።»

ሳያስበው ዞሮ ወደ መስኮቱ አየ። ቴርሞሜትሩ ወደ ድሮ ቦታው፣ ነፋሱ ላይ፣ በዚያው ሚስማር ተመልሷል። መስታወቱን የሸፈነውን ውርጭ አንድ ሰው በጣቱ ጠርጎታል። አራት፣ ከዜሮ በታች።

ቆይቶ ፊቱን ሲመልስ ትንሿ አውቶብስ እሷን አሳፍራ፣ በሯን ዘግታ ከጣቢያው በር እየወጣች ነበር።