የፍሬድ ቱቦ እንዴት ሳይደርስ ቀረ

ካምፓላ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዶክተር ናሙሊ የላብራቶሪያቸው በር ላይ አስቁመው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ደም ትፈሪያለሽ?"

"ከስደት በፊት ጅማ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ላብራቶሪ ሠርቻለሁ።"

"የላም ነው" አሉና ፔርሙስ ሰጡኝ።

በቦዳ ሞተር ወደ ፖርት ቤል መንገድ፣ ወደ ቄራ ሄድኩ። አራጁ ፔርሙሱን ሞላልኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፈሳሽ ቀድሜ መጨመር ሲገባኝ ደሙ ከገባ በኋላ ጨመርኩት። ዶክተር ክዳኑን ከፍተው አዩ።

"እኔ ደም ነበር ያልኩሽ። ጉበት አመጣሽልኝ።"

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ሰው አንገቱ ሥር ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው ውስጥ ደም ይረጋና ይዘጋል። ሄፓሪን የሚባለው መድኃኒት መርጋትን ይከለክላል። የኛ ሥራ ሄፓሪኑን ከቱቦው የውስጥ ግድግዳ ጋር ማጣበቅ ነበር። ከተጣበቀ እዚያው ሆኖ ይሠራል። ካልተጣበቀ ባንድ ጊዜ ከደሙ ጋር ይሄዳል፤ ቱቦው ባዶውን ይቀራል።

የዶክተር ታናሽ ወንድም ፍሬድ ጋባ በሚባለው የሐይቅ ዳር ገበያ ዓሣ ይነግዳል። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት አለበት። ቱቦው ሦስት ጊዜ ተዘግቶበት ተቀይሮለታል። ከእጥበት ሲወጣ በኛ በኩል ያልፋል። "ኛቦ" ይለኛል፣ እመቤት ማለቱ ነው፤ "ቱቦዬ ደረሰ?"

በሁለተኛው ዓመት የደረሰ መሰለ። ቱቦውን በጨው ውሃ አንዴ አለቅልቄ ደም ስጨምርበት አንድ ሰዓት ሙሉ አልረጋም። ዶክተር በሰው ላይ ለመሞከር ማመልከቻ አስገቡ። የመጀመሪያው ፈቃደኛ ፍሬድ ነበር።

አንድ ዓርብ አንዱን ቱቦ ጨው ውሃ ውስጥ ረስቼ ሄድኩ። ሰኞ ልጥለው አልኩና ተውኩት፤ ደም ጨመርኩበት። በአሥር ደቂቃ ረጋ። ቱቦው የተነከረበትን ውሃ ከሌላ ደም ጋር ቀላቀልኩ። ያኛው አልረጋም። መድኃኒታችን ውሃው ውስጥ ነበር።

ለዶክተር ነገርኳቸው።

"ስንት ቱቦ ሞከርሽ?"

"አንድ።"

"በአንድ ቱቦ ነው ይሄን የምትነግሪኝ?"

"ስድስት ልድገም?"

"ድገሚ።"

ሦስት ቀን ነከርኳቸው። ስድስቱም ውስጥ ደሙ ረጋ። ውጤቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይሄ ወረቀት ባይኖር ምን ይሆናል?"

"ቱቦው ለፍሬድ ይገባል።"

"የጠየቅኩሽ እንድትመልሺ አይደለም" አሉ።

ማመልከቻውን በዚያው ቀን አስመለሱ። ሁለት ሳምንት ከሰላምታ ሌላ አላናገሩኝም። ፈርቼ ነበር። በስደተኛ ወረቀት ሌላ ላብራቶሪ እንደማይቀጥረኝ አውቃለሁ።

ከዚያ ፍሬድ መጣ። እህቱ ዶክተር ናሙሊ ነግረውታል።

"ቢገባልኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር?"

"መጀመሪያ መድኃኒቱ ባንድ ጊዜ ይለቅና ደም ይፈስህ ነበር። ከዚያ ይዘጋ ነበር።"

"በዚህ ቅደም ተከተል?"

"በዚህ ቅደም ተከተል።"

በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ሰጠኝ። "ትኩስ ነው፤ ዛሬውኑ ጥበሺው" ብሎ ሄደ። ያን ቀን ከሰዓት ዶክተር የሥራ ዝርዝር ሰጡኝ። ፈተናው ላይ ቱቦውን ሰባት ቀን መንከር የሚል በእጃቸው ጽፈው ጨምረውበታል።

ሰባቱን ቀን የቻለ ቱቦ እስካሁን ሁለት ነው። ፍሬድ የሚጠቀመው የተለመደውን ነው፤ አምስተኛው ላይ ደርሷል።

ለአዲስ ሠራተኛ የምለው ይህን ነው፦ አንዴ ተለቅልቆ የተፈተነ ቱቦ አልተፈተነም። ንከሩት፤ የተነከረበትንም ውሃ ፈትሹ።