የቆርኪ ከተማ

ሲይዙኝ ሁለቱም ኪሴ ቆርኪ ሞልቶ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የከተማ ፕላን የማስተምረው በጨዋታ ነው። ሜዳው ላይ በኖራ ወንዝና ገደል እንስላለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ በተራው አንድ ቆርኪ ያስቀምጣል። ይሄ ገበያ፣ ይሄ ወፍጮ ቤት፣ ይሄ ጤና ጣቢያ። የተቃወመ ምክንያቱን ይናገራል። በቃ፣ ወንጀሌ ይኸው ነው! አንዱ አይቶን "ለታጣቂ ካርታ እያነሳ ነው" ብሎ ነገረብኝ።

ቆርኪዎቼን እስር ቤቱ በር ላይ ቀምተው አስገቡኝ። የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጥግ ላይ ጋቢ የተከናነቡ፣ የግጦሽ ሣሩን በጋራ ሕግ ከሚጠብቀው ከጓሳ አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ስብሰባ ላይ እውነት ተናግረው ነው የገቡት።

"ምን አድርገህ ነው ልጄ?"

"ሳጫውት ነው፣ አባቴ።"

"ቁማር?"

"ኧረ ከተማ!"

ሳቁ። "በል አጫውተኛ፤ እዚህ እንደሆነ ሥራ ፈተናል።"

ከግድግዳው በረገፈ ኖራ ወለሉ ላይ ሣልኩ። የዳቦ ፍርፋሪ ቤት ሆነ። እሳቸው መጀመሪያ ምንጩን፣ ከሥሩም መንደራቸውን አስቀመጡ። እኔ የቆሻሻ መጣያውን ከታች፣ ከመንደራቸው ጥግ አደረግኩት።

"አንተስ የት ነው የምትኖር?"

"እኔማ እዚህ፣ ከላይ።"

"አይሆንም! እኛ ሣሩን ስንከለክል መጀመሪያ የሚታገደው የከልካዩ በግ ነው። አንተም ያስቀመጥክ እንደሆነ አጠገቡ ትኖራለህ።"

አፈርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ይቺ ሕግ አልታየችኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ገና ልጅ ነው፤ ተማሪዬ ሊሆን ይችል ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ።

"ካርታውን የሣሉትን ልጆች ስም ጻፍ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ቤቴ ናፍቆኛል፤ አልዋሽም፣ እስክሪብቶውን አነሣሁ። ያቺ ወፍጮ ቤቱን ለአቅመ ደካሞች ብላ ሰፈሩ መሐል ያስቀመጠች ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷን አሳልፌ ልስጥ? ሞቼ ነው! ወንዙን ሣልኩ፣ ገደሉን ሣልኩ፣ ከሥሩ የሽማግሌውን ሕግ ጻፍኩና መለስኩለት፦ ያስቀመጠ አጠገቡ ይኖራል።

ፊቱ ተለዋወጠ። "ስሞቹ የታሉ?"

"የምጽፈው ይኼን ብቻ ነው።"

"ይሄ ምን ከተማ ነው? እስር ቤት እንኳ የለውም!"

"አስቀምጠዋ" አልኩት፣ እንደ ተማሪዬ አንተ ብዬ። "ሕጉን ግን አንብበሃል።"

ወረቀቱን ቀዶ ወደ ክፍሌ መለሰኝ። በዚያ ቃል ሰበብ ብዙ ወር ታስሬ ከረምኩ።

"ጻፍክላቸው?" አሉኝ ሽማግሌው፣ ገና በሩ ሳይዘጋ።

"ጻፍኩ። የእርስዎን ሕግ።"

"እሰይ! ተባረክ!" አሉና የድርሻቸውን ዳቦ ቆርሰው ግማሹን ወለሉ ላይ ምንጩ አጠገብ አስቀመጡልኝ። "ቤትህ ነው፤ ብላ።"

ከተፈታሁ ወዲህ፣ ዛሬም በዚያው ሜዳ አጫውታለሁ። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ! አንዳንዴ እስር ቤት ላስቀምጥ የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ሕጉን ሲሰማ ቆርኪውን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ያ መርማሪም ከመጣ ቆርኪ አላሳጣውም። ተራውን ግን እንደ ልጆቹ ይጠብቃል።