በወረቀት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልክ ይዛ መጣች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ በታላቅ ወንድሙ መታወቂያ ተመዝግቦ በስልኩ የኳስ ውርርድ ሲጫወት ከርሟል። «አባዬ፣ ለመሆኑ ሕጉ ማንን ነው የሚጠይቀው? ልጁን፣ መታወቂያ የሰጠውን፣ ወይስ ያጫወተውን?» አለችኝ። አፌን ዘግቼበት የኖርኩትን ነገር ሳታውቅ ነካችው።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ እንኖር ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን የሚያዘምተው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ ሰሞን እናቴ ምስክር ይዛ ቀበሌ ሄደችና ዕድሜዬን በሁለት ዓመት አስቀነሰች። አልፈርድባትም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም አልነበራትም። ጢሜን በየማለዳው እየተላጨሁ፣ በወረቀት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ጎረቤታችን አው ዩሱፍ ከረምቡላ ቤት ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀት ጸጥ ሲል ጓሮው ውስጥ ካርታ በገንዘብ ይካሄዳል። ልጃቸው አብዲና እኔ የተወለድነው በአንድ ሳምንት ነው፤ እሱን ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ማሠልጠኛ ወስደውታል። አው ዩሱፍ ስጫወት ሲያዩኝ፣ «ከአብዲ እኩል ነህ። ክፉና ደጉን ታውቃለህ» ብለው ያልፉኝ ነበር።

አንድ ቀን ትኩስ ሳምቡሳ በአንድ እጄ፣ ካርታ በሌላው እንደያዝኩ አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። ትልልቆቹ ተቀጥተው ተለቀቁ። የእኔ መዝገብ ሲገለጥ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ አው ዩሱፍ ሕፃን ቁማር አጫውተዋል ተብለው በማግሥቱ ፍርድ ሸንጎ ቀረቡ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ያቃጥላል። ሰብሳቢው፣ «ለአካለ መጠን ካልደረሰ ተጠያቂው ያጫወተው ነው። ቅጣቱ ሦስት ወር እስራት ነው» አለ። ከዚያ ወደ አው ዩሱፍ ዞረ። «የልጁን ዕድሜ ያውቁ ነበር?»

«ከልጄ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደው» ቢሉ እሳቸው ነፃ ይወጣሉ፤ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር መኪና ላይ እጫናለሁ። እማዬ አጠገቤ ቆማ አንጓዬን ጨምድዳ ይዛለች፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። እኔ ራሴ መናገር እችል ነበር። መሬት መሬቱን አየሁ።

አው ዩሱፍ እናቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ዕድሜው እናንተ መዝገብ ላይ አለ አይደል? እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ አቦ! ያጫወትኩት እኔ ነኝ፣ በቃ» አሉ።

ሦስት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ እናቴ ማንጎ በዘንቢል አሸክማኝ ቤታቸው ሄድን። ከስተዋል፤ ሽበታቸው በዝቷል። «አው ዩሱፍ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተው፣ ወላሂ አልሰማህም። አንዱ ሄዷል፤ ይበቃል።»

አብዲ አልተመለሰም። አው ዩሱፍም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ሰብሳቢው ወረቀቱን አይቶ እንደ ሕጉ ፈረደ፤ በእውነቱ ግን ተጠያቂው እኔ ነበርኩ አልኳት። «አንተስ ለምን አልተናገርክም?» አለችኝ።

«ፈራሁ» አልኳት። ይህችን አንዲት ቃል ለአው ዩሱፍ በሕይወት ሳሉ አለመናገሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።