ከአስር በላይ አይቻልም

በኮሮናው ሰገር፣ ከቤት አትውጡ በተባለበት ጊዜ፣ እኛን ድሃ ሰፈራችን ሽኩና ጊሜል ላይ ዘግተውብን፣ የጎረቤቱ የሀብታሞች መንደር የዖሜር ሰው በመኪናው እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። አንጀቴ አሯል! በዚያ ላይ የጎረቤታችን የእማማ ጥሩዬ ባል አረፉ። ግቢያቸው ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ ፖሊስ፣ የኛው የሐበሻ ልጅ፣ መጣና ቆጠረን።

«አስራ አንድ ናችሁ። ከአስር በላይ አይቻልም፤ አንድ ሰው ይውጣ።»

«ለቅሶ ጥሎ የሚወጣ ማን ነው? አንተው ውጣ!» አልኩት።

«አባባ፣ ቅጣት እጽፍብዎታለሁ።»

«ጻፍ! ስሜን አሳምረህ ጻፈው፣ እናትህም ታንብበው!»

ይሄኔ እማማ ጥሩዬ ብድግ አሉ።

«እናንተ ተቀመጡ፤ እኔ ልውጣ።»

ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወጡና፣ መንገዱ ላይ ከፖሊሱ መኪና አጠገብ ተቀምጠው ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። መቼስ በኛ ወግ ለቅሶ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም። ከየፎቁ ሰዉ እየጮኸ ጎረፈ። ፖሊሱ ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ቆለፈ።