አሳላፊው እና ካርታ የምታድለው ልጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ሲታይ ምን ይወጣዋል? ገበሬ ከሆነ ማሳውን ያሳዩለታል፤ ነጋዴ ከሆነ ቤቱን፤ ቄስ ከሆነ የንስሐ ልጆቹን ይቆጥሩለታል። ሰው ሲያበላ የኖረ ሰውስ? የሠራው ሁሉ በሠራበት ቀን ተበልቶ አልቋል፤ ምኑን ያሳዩለታል? ይህን ለጅጋ ሰው ቢያነሡለት ብዙም አይጨነቅበት። «አያ ቂርቆስን ነው የምትሉት? እሳቸውማ ሲለምኑ ነው የኖሩት» ብሎ ይስቃል።

መለመናቸው እውነት ነው። የሚለምኑት ግን እንዲሰጧቸው ሳይሆን እንዲቀበሏቸው ነው። አያ ቂርቆስ አሳላፊ ናቸው። በጅጋ ዙሪያ ባለው ገጠር ሠርግ ሲደገስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ ዳሱ ውስጥ ቆመው እህሉንና ጠላውን ለተቀመጠው ሰው የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። እርሻም በሬም አላቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በጭልፋቸው ነው። ጭልፋ መያዝስ ማንም ይይዛል። የእሳቸው ጥበብ «በቃኝ» የምትባለዋን ቃል ማዳመጥ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ «በቃኝ» ሰላምታ ናት፤ ጨዋ ሰው ሳይላት አይበላም። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ሲመጣ ልመናው በደህና እየሄደ ነው ማለት ነው። ሰውየው ፊቱ ያለውን እንጀራ በሁለት እጁ ጋርዶ ወደ ኋላው ካፈገፈገ፣ ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ያኔም አያ ቂርቆስ «አፈር ስሆን» ብለው ይሞክሩታል፤ እጁን ካላነሣ ያልፉታል።

አንድ ጊዜ ቡሬ ላይ አንድ ባለጸጋ ልጁን ሲድር ምግቡን በረድፍ አስደርድሮ፣ እንግዳው ሰሐን ይዞ ራሱ እያነሣ እንዲያልፍ አደረገ። አያ ቂርቆስ ሰሐናቸውን ይዘው ከረድፉ ጫፍ ቆሙ። ቆሙና ቀሩ። «ያንሡ እንጂ» የሚላቸው ሰው እየጠበቁ ነበር። ከኋላቸው የነበረው ሰልፍ ዞሯቸው አለፈ። ጦማቸውን ጅጋ ገቡ፤ ሠርጉ እንዴት ነበር ሲባሉም «ሰው አልነበረበትም» አሉ፤ አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት፣ ጤፉ ወርቅ መምሰል ሲጀምር፣ ፍኖተ ሰላም የተዳረችው ልጃቸው ውዳሴ ልብሷን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ደህናም አይደላችሁ?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ታንጉት።

«መሐሪ ከሴት ጋር ነው የሚውለው።»

መሐሪ ባሏ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። አያ ቂርቆስ በርጩማቸውን ወደ ልጃቸው ሳብ አደረጉ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የማን እንደሆነች በምን አውቄ። ስልክ ውስጥ ናት።»

«ትደውልለታለች?»

«አትደውልም አባባ። እዚያው ውስጥ ቆማ ትውላለች። ካርታ ታድላለች። እሱ ባጃጁ ላይ ቁጭ ብሎ እሷን ያያል፤ ቤት ገብቶም እሷን ያያል። ወጥ ሳወጣለት እንኳ ቀና አይልም።»

«ስልክ ውስጥ ከሆነች ምን አስጨነቀሽ» አሉ ወይዘሮ ታንጉት። «እንጀራ አትበላብሽ።»

«የኔን አይደል እንዴ የምትበላው። ባጃጁ ያመጣው ሁሉ ወዴት ይሄዳል መስሎሽ ነው እማ?»

ከዚያ ውዳሴ ወደ አባቷ ዞረች። «እርስዎ ሄደው ይዩልኝ። ሴትዮዋ እውነተኛ ከሆነች እፋታለሁ። ተመለሺ ካሉኝም እመለሳለሁ። እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

ውዳሴ ከልጅነቷ ጀምራ የራሷን ነገር ራሷ የምትቆርጥ ናት፤ ባሏንም የመረጠችው እሷው ናት። ያቺ ልጅ ትዳሯን በእጃቸው ስታኖርላቸው ጊዜ ቃሉ ትከሻቸው ላይ ከበደ። በማግስቱ ያጠቡትን ጋቢ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ፍኖተ ሰላም ወረዱ።

መሐሪን ያገኙት መናኸሪያው አጠገብ፣ ተራ ከሚጠብቁት ባጃጆች አንዱ ውስጥ ነው። ሲያያቸው ዘሎ ወረደ፤ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ጤንነታቸውን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን በየተራ ጠየቀ። ውዳሴን ግን አልጠየቀም።

«በል አሁን» አሉ አያ ቂርቆስ፣ «የምትውልላትን ሴት አሳየኝ።»

«ጋሼ፣ ሴት አይደለችም እኮ።»

«ወንድ ናት?»

«ሴትስ ሴት ናት። ግን ሥራዋ ነው።»

ስልኩን ከመሪው በላይ ከታሰረበት ፈቶ ሰጣቸው። ግማሽ ጨረቃ የመሰለ፣ አረንጓዴ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ቀይ ቀሚስ ያደረገች ልጅ ቆማለች። አያ ቂርቆስ ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች።

«ሰማችኝ እንዴ?»

«አትሰማም ጋሼ። እኛ እናያታለን እንጂ እሷ አታየንም። ጽፈን ከላክንላት ግን አንብባ ትመልሳለች።»

«ይሄ የተቀዳ ነው ወይስ የአሁን?»

«የአሁን ነው። በዚች ደቂቃ ባሕር ማዶ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆማለች። ካሜራ ከላይም ከፊትም ተተክሎባታል። ካርታውን ከዚያ ሳጥን ስትመዝ ማሽን ያነበውና ቁጥሩ እኛ ስልክ ላይ ይወጣል። እኛ ቁልፍ ስንነካ ደግሞ እሷ ፊት ባለው መስታወት ላይ ይነግራታል።»

«ታዲያ አንተ ብቻህን ነህ እንግዳዋ?»

«ኧረ ከየአገሩ ነው። ወንበር ያልደረሰው እንኳ ከሌላው ጀርባ ሆኖ ገንዘብ ያስይዛል።»

በዚህ መሀል ልጅቷን አስነጠሳት። «ይማርሽ» አሉ አያ ቂርቆስ። ከየአገሩ ከተሰበሰበው እንግዳ ግን ይማርሽ ብሎ የጻፈላት አልታየም። ይህ ቅር አሰኛቸው።

ሕጉ ብዙም አልከበዳቸው። ለእንግዳው ሁለት ካርታ፣ ለልጅቷም ሁለት ካርታ ይወጣል፤ ከልጅቷ አንዱ ተደፍቶ ይቆያል። ተደምሮ ወደ ሃያ አንድ የቀረበ ይረታል፤ ሃያ አንድን ያለፈ ተቃጠለ። ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች አሥር አሥር ይቆጠራሉ። አስ የምትባለዋ ካርታ እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ ናት፤ አንድም አንድ ናት፣ አንድም አሥራ አንድ ናት፣ ለባለቤቷ በሚመቸው ትፈታለች። እንግዳው ካሻው ያስጨምራል፤ ካላሻው ይተዋል። ልጅቷ ግን ፈቃድ የላትም። ከአሥራ ሰባት በታች ከሆነች ወደደችም ጠላችም ትጨምራለች፤ አሥራ ሰባት ስትደርስ ወደደችም ጠላችም ታቆማለች።

«እንደኔው ናት» አሉ አያ ቂርቆስ። «ደጋሹ ያላትን ነው የምትፈጽመው።»

መሐሪ የአማቱ ፊት ፈታ ሲል አየና ልብ አገኘ። «እስቲ አንድ እጅ ይሞክሩ» ብሎ በስማቸው ጥቂት አስያዘ። ለአያ ቂርቆስ አሥርና ሦስት ወጣላቸው፤ ልጅቷ ፊት ስድስት ተገልጦ ተቀመጠ። መሐሪ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ሁለት ቁልፎች እያሳየ በጨዋ አማርኛ ተረጐመላቸው።

«ጋሼ፣ ይጨመርልዎ ወይስ ይበቃዎታል?»

ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው። «ኧረ በቃኝ» አሉ፤ ብለውም ልጅቷ እስክትለምናቸው ጠበቁ። መሐሪ የማቆሚያውን ቁልፍ ነካ። ልጅቷ የተደፋውን ገለጠች፤ አሥር ነበር። አሥራ ስድስት ሆነች፤ ግዴታዋ ነውና ጨመረች፤ ዘጠኝ መጣባትና ተቃጠለች።

«ረቱ ጋሼ።»

«ምን አድርጌ?»

ቀጠሉ። «ይጨመርልዎ?» «ኧረ ጠግቤያለሁ።» ልጅቷ ተቃጠለች። ቀጥሎ በመጣው እጅ አያ ቂርቆስ ከነጭራሹ አልተናገሩም፤ ሁለቴ እንቢ ብለዋልና ልመናው አሁን መምጣቱ አይቀርም ብለው ዝም አሉ። በስልኩ ማያ ላይ የምትዞረው የመልስ መስጫ ሰዓት አለቀች። መልስ ያልሰጠ እንደበቃው ይቆጠራልና ጨዋታው ራሱ አቆመላቸው፤ አሁንም ረቱ። ተራ የሚጠብቁት ባለባጃጆች አንድ ሁለት እያሉ ተሰበሰቡ። ከሁሉም ፊት የቆመው ባዬ የሚባለው ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ክረምት ሠርቶ ከመጣ ወዲህ አነጋገሩ ተለውጧል።

«ፋዘር ሲስተም አላቸው» አለ ባዬ። «ፋዘር፣ መቼ እንደሚቆም በምን አወቁት?»

«እኔ መች አቆምኩ። እንድትለምነኝ እየጠበቅሁ ነው እንጂ።»

ሳቁ እስከ መናኸሪያው በር ተሰማ።

«እሷ አትለምንም ፋዘር።»

«በቃኝ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ከማን ተማረችው?»

«ሕጉ ነው።»

«ሕግስ ቢሆን በሞቴ ማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል» አሉ አያ ቂርቆስ።

ስልኩ ወደ መሐሪ እጅ ተመለሰ። አሁን የሚጫወተው እሱ ነው፤ ሌሎቹ በትከሻው ላይ ተደራርበው ያያሉ። አንዲት ሴት ማዳበሪያ ሙሉ በቆሎ ተሸክማ መጥታ ገበያ እንዲያደርሳት ጠየቀችው። «ከኋላ ያለውን ያዢ» አለ ሳያያት። ከኋላ ያለው ባዬ ነበር፤ ባዬም አንገቱን እዚያው ስልክ ላይ ሰብሯል። ሴትዮዋ ጥቂት ቆማ አንድ ጋሪ አስቁማ ሄደች።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ከአናትም ዘመም አለች። የአያ ቂርቆስ ሆድ ጮኸ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ሲመጡ «ኧረ በልቼ ነው የወጣሁ» የምትለዋን ቃላቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ አማቹ ጋቢያቸውን ይዞ ሲጎትታቸው፣ እሳቸው ሲግደረደሩ ታይቷቸው ነበር። ቃሏ አፋቸው ውስጥ እንዳለች ናት። የሚጠይቃት ሰው አልመጣም። አማት ከገጠር መጥቶ ምሳ ሳይባል እንዲህ ሲቆም በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንም ማንንም ቆይ ብሎ አይለምንም፤ ነገር ግን የሚነሣ ሰው የለም። ሳይለምኑት እንኳ እንግዳው የማይሄድበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?

ሊሞክሩት አሰቡ።

«በል እንግዲህ መሐሪ፣ ልሂድ» አሉ።

እዚህ ላይ ቢያንስ ቢያንስ ባርኔጣ መነጠቅ ነበረበት።

«እሺ ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ» አለ መሐሪ። ዐይኑ ካርታው ላይ ነው።

አያ ቂርቆስ አልተንቀሳቀሱም። ባዬ ቀና አለና መሐሪን በክርኑ ነካው።

«ምን እንዳልክ ሰማኸው?»

«ምን አልኩ?»

«አማትህን በሰላም ይግቡ አልካቸው እኮ። ምሳ ሳይበሉ።»

የመሐሪ ፊት አመድ መሰለ። ስልኩን ወንበሩ ላይ ወርውሮ ወረደ፤ እጃቸውን ያዘ፤ አፈር ስሆን አለ፤ ወደ ምግብ ቤቱ ሊጎትታቸው ሞከረ። ባዬም ከኋላ እየገፋ ያግዘው ነበር። አያ ቂርቆስ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ጋረዱ።

«በቃኝ» አሉ፤ ይህን ቃል እውነቱን የሆነ ሰው እንዴት እንደሚለው ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። «ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ለውዳሴ ይህንኑ ነው የምነግራት። ያንተን ቤት ግን ዛሬ አየሁት፤ ምሳ የሚል ሰው የለበትም። ውዳሴ የምትመለሰው ያንን ነገር ዐይኗ እያየ ካጠፋኸው ነው። ካልሆነ አትመለስም።»

መሐሪ ራሱ አሳፍሯቸው ጅጋ ድረስ ነዳ። መንገዱን ሙሉ ምሳ፣ ምሳ እያለ ሲለምናቸው ሄደ፤ ዘግይቶ ቢሆንም ልመናው ደህና ነበር።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ታንጉት በሩ ላይ ቆመው ሁለቱንም አዩ። «ታርቃችሁ ነው ወይስ ተጣልታችሁ የመጣችሁት?» አሉ። ውዳሴ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ሴትዮዋ እውነተኛ ናት» አሉ አያ ቂርቆስ፤ «ነገር ግን ባልሽን አታየውም። ማን እንደሆነም አታውቀው። ጨዋታው ይጥፋና ተመለሺ።»

ውዳሴ እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን እንዲያሳያት ነው። መሐሪ ከፈተው። ኔትወርኩ እየተንገታገተ መጣ። ተራዋ ዞሮ ደርሷት ይሁን እንጃ፣ ያችው ባለ ቀይ ቀሚስ ቆማለች።

«ቆይ» አሉ አያ ቂርቆስ። «ከማጥፋትህ በፊት አንድ ነገር ጻፍላት።»

«ምን ልበላት ጋሼ?»

«ያ ሁሉ እንግዳ ተቀምጦ እሷ ብቻዋን ቆማለች። እስቲ አረፍ ብለሽ እህል ቅመሺ፣ እንግዶቹ ይጠብቃሉ በላት።»

ወይዘሮ ታንጉት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መሐሪ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጻፈ። ልጅቷ ቀና ብላ አነበበችው፤ እጇ ሳጥኑ ላይ እንዳለ ቆየ። ሳቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረችና ካርታዋን መምዘዝ ቀጠለች።

«ምን አለች?»

«አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አልራበኝም አለች ጋሼ።»

አያ ቂርቆስ ከበርጩማው ተነሡ። ቀኑን ሙሉ የጠበቁት ነገር የደረሰ ይመስል ፊታቸው በራ።

«ያደገች ልጅ ናት» አሉ። «ይሄ የመጀመሪያው ነው። በል እንደገና ለምናት።»

መሐሪ ውዳሴን አየ። ውዳሴ ስልኩን አየች።

«አባባ፣ አልራበኝም አለች እኮ።»

«ሰማሁ ልጄ። አንድ ጊዜ ብቻ። አፈር ስሆን በላት።»

ውዳሴ በአገጯ ምልክት ሰጠች፤ መሐሪም አውራ ጣቱን ማያው ላይ ተጭኖ አቆየና ጨዋታውን ከስልኩ አጠፋው። አያ ቂርቆስ «አንድ ጊዜ ብቻ» ማለታቸውን ገና አላቆሙም ነበር።