የመናፈሻው እሬት

የአራት ዓመቷ ውዳድ ዓርብ መሆኑን የምታውቀው ከግቢው በር በሚሰማው የመኪና ጡሩምባ ነበር። ቀዩን ጫማዋን ጎትታ ታመጣና እግሯን ለሞግዚቷ ለይመኙሻል ትዘረጋለች፤ ሌላ ሰው እንዲያጠልቅላት አትፈቅድም። ከዚያ ወደ አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ወዳለው የቤተሰብ መናፈሻ ይሄዳሉ። ቤተሰቦች ከዘንባባው ሥር ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ሞግዚቶች ከሸርተቴው አጠገብ ባለችው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ይደረደራሉ።

ይመኙሻል ከወልዲያ የወጣችው ባሕሩን ተሻግራ የመን ልትገባ ነበር። አብረዋት ከመጡት ሦስት ሴቶች ሁለቱ አሁንም ይደውላሉ፤ የሦስተኛዋን ድምፅ የሰማ የለም። እሷ ከባሕሩ ወዲህ፣ በወደቡ ከተማ የቀረችው ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግደው ባሺር ለስምንት ወር ልጁ ሞግዚት ሲፈልግ ስላገኛት ነው። የባሺር ሚስት ሱሪያ ዕቃ ልትገዛ ዱባይ ትሄዳለች፤ ከሄደችም ሁለት ሦስት ወር ትቆያለች። ውዳድ መራመድ የጀመረችው እዚሁ መናፈሻ፣ የላስቲኩ ወለል ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት እርምጃዎች የተራመደችው ወደ ይመኙሻል ነበር።

ሱሪያ በቅርቡ ከዱባይ በተመለሰች በመጀመሪያው ዓርብ ልጅቷ ከዥዋዥዌው ወደቀች። ሱሪያ ከምንጣፏ ተነሥታ እጆቿን ዘረጋች። ውዳድ እያለቀሰች በእናቷ ጎን አልፋ ሮጠችና የይመኙሻል ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች።

ከምንጣፎቹ አንዱ ላይ የተቀመጠች ሴት ሳቀች። «አንቺ ሱሪያ፣ የሰው ልጅ ይዘሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

ሱሪያም አብራ ሳቀች። መኪናው ውስጥ ግን ልጅቷ እስክትተኛ ጠብቃ ከፊት ወንበር ሳትዞር ተናገረች። «የሚመጣው ዓርብ ልጄ ወደ እኔ ካልመጣች፣ ቅዳሜ ናጋድ ጣቢያ ወስጄ ወደ አገርሽ በሚሄደው ባቡር ላይ አሳፍርሻለሁ።»

«ማዳም፣ ልጅ ናት እኮ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ያስለመድሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺው አስተዊያት።»

«ከተወችኝስ ያስቀምጡኛል?»

«ለምን አባርርሻለሁ? ቤትሽ ነው። ቃሌ ነው።»

ይመኙሻል ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበት። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ጡት ያስጣለችው እሬት ቀብታ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ጮኸ፤ በሦስተኛው እዚያው እናቱ እቅፍ ውስጥ ተኛ። ጡቱን እንጂ እናቱን አልጠላም። እሬት ደግሞ በመናፈሻው አጥር ሥር፣ ለጌጥ ተብሎ፣ ተደርድሮ ተተክሏል።

ዓርብ ሲደርስ ቅጠል ሰብራ ቢጫውን ፈሳሽ ጣቶቿ ላይ ስታሸው፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሞግዚት ሲምቦ አየቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ላስተዋት ነው።»

«ጡት አላጠባሻት! ምኑን ነው የምታስተያት?»

«ሁለት ቀን ብታኮርፈኝ ነው። ከዚያ ትመለሳለች።»

ሲምቦ ራሷን ነቀነቀች። «ከዚህ ቤት ከወጣሽ የሚጠብቅሽን የየመን መንገድ ረስተሽዋል መሰለኝ።»

«ስላልረሳሁት ነው።»

ውዳድ ከሸርተቴው በወረደች ቁጥር ሮጣ መጥታ አፏን ትከፍታለች፤ ይመኙሻል የተቆረጠ ማንጎ በጣቷ ታጎርሳታለች። ልማዳቸው ነው። ያን ቀንም መጥታ አፏን ከፈተች። ጎረሰች፤ ወዲያው ተፋችው። ምላሷን በእጅጌዋ ጠራርጋ ይመኙሻልን አየቻት፤ ከዚያ አሁንም አፏን ከፈተች። በስሕተት የሆነ፣ ይሜ የምታስተካክልላት ነገር መስሏት ነበር።

ይመኙሻል ሁለተኛውን አጎረሰቻት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ማንጎውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆመች፤ ምራቋ በአገጯ ወረደ። «ይሜ፣ አውጪልኝ» አለች። ይመኙሻል ልታወጣላት ጣቷን ስትዘረጋ ጣቷም ያው መራራ ነበር። ያኔ ውዳድ ጮኸች። ዞራ ወደ ምንጣፎቹ ሮጠች። ሱሪያ ውኃ አጠጣቻት፤ አይስክሬም አስመጣችላት፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለሳቀችባት ሴት አሳየቻት። በልጅቷ ራስ ላይ አሻግራም ለይመኙሻል ጎበዝ በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀችላት።

ሁለት ቀን አለፈ፤ ሦስተኛውም አለፈ። ልጅቷ አልተመለሰችም። ይመኙሻል ወተት ስታቀርብ ከጠረጴዛው ሥር ትገባለች፤ ልታጥባት ስትል አያቷን ሐጃ ፈትያን ትጣራለች። ሐሙስ ዕለት ሐጃ ፈትያ ልጃቸውን ባሺርን ትተው ምራታቸውን ጠሩ። «ልጅ የፈራትን ሰው ቤት ውስጥ ማኖር ደግ አይደለም» አሏት።

ሱሪያ ወደ ወጥ ቤት መጣች። «ቅዳሜ ትሄጃለሽ።»

«ማዳም፣ ቃልዎ?»

«እኔ ቃሌን መች አጠፍኩ? ልጅቷ ናት ያልፈለገችሽ። ፊትሽን ስታይ ለምታለቅስ ልጅ ሞግዚት ሆነሽ ምን ትሠሪያለሽ? ነገ መናፈሻ ስንሄድ ግን ምንጣፉን የሚሸከም የለም፤ ትመጫለሽ።»

ዓርብ ይመኙሻል ምንጣፉን ተሸክማ ሄደች። ውዳድን ትናንት ማታ የመጣችው አዲሷ ሞግዚት ልደቱ ይዛታለች፤ ቀዩን ጫማም ያጠለቀችላት ልደቱ ናት። ይመኙሻል ምንጣፉን አንጥፋ ቀና ስትል ልጅቷ ከፊቷ ቆማለች። ስምንት ቀን ሙሉ እንዲህ ቀርባት አታውቅም። በእጇ ከአጥሩ ሥር የተቆረሰ የእሬት ጫፍ ይዛለች። ባለፈው ሳምንት የተደረገውን ልጅቷ አይታው ኖሯል።

«ብዪ» አለቻት።

ይመኙሻል ወደ ሱሪያ ተመለከተች። ሱሪያ ስልኳን አንሥታ እየቀረጸች ነበር። «ብዪላት እንጂ፤ ልጅ ስትሰጥሽ» አለች እየሳቀች።

ይመኙሻል ተንበርክካ አፏን ከፈተች። ልጅቷ ቅጠሉን በጥንቃቄ፣ እንደ ማንጎው፣ ምላሷ ላይ አስቀመጠችላት። ይመኙሻል አኝካ ፊቷን ሳታጨማድድ ዋጠችው፤ ልጅቷ ፊቷን ጠጋ ብላ ስታጠናው ትንፋሿ ይሰማት ነበር። ልጅቷ እንዳትሸሽ፣ ይህችን ቅርበት እንዳታጣ፣ አልተነቃነቀችም።

«አልመረራትም!» አለች ውዳድ ለእናቷ፤ ተናድዳ ሌላ ልታመጣ ወደ አጥሩ ሮጠች።