ከቦዩ ማዶ የቀረችው

ባለፈው ሳምንት ከጎኔ ያለው ፍራሽ ሠሪ ጥጥ ሲያራግፍ አንዱ ማዳበሪያ ተቀደደና ሽታው ሱቄ ድረስ ገባ። ላልለቀመ ሰው ጥጥ አይሸትም። ለእኔ ግን የደረቀ ቅጠል፣ የጋለ አፈርና የተባይ መድኃኒት ሽታ አለው። መቀሴን አስቀምጬ ጣቶቼን አየሁ። የጥጥ ቅርፊት የቧጨረው ጠባሳ ዛሬም አለ። ወዲያው ያ ሰውዬ ትዝ አለኝና ጥርሴን ነከስኩ።

ምን ልበልሽ፣ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመንዝ ተነሥቼ አዋሽ ወርጄ ጥጥ እለቅም ነበር። የለቃሚው ካምፕ ከየአገሩ በመጣ ሰው ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ለየብቻው ነው። በስም የሚጠራሽ የለም፤ "አንቺ መንዜ!" ነው የሚሉሽ። ዛሬ አብሮሽ የበላ ሰው፣ ሌላ እርሻ ላይ ሥራ አለ ሲሉት ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ደህና ሁኚ እንኳ አይልሽም። ሁለት ወር ሙሉ የማወራው ሰው አጥቼ በመጨረሻ ከጥጡ ጋር ማውራት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከጎኔ ባለው መስመር የምትለቅም የወሎ ልጅ ሰማችኝ።

"ማንን ነው የምታናግሪው?"

"ማንንም።"

"እንግዲያው እኔን አናግሪኝ" አለችና ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ትራክተሩ ከሚጎትተው ተሳቢ ሥር ጥላ ፈልገን እንጋደምና በወሬ ቤታችንን እንሠራ ነበር። ልጅ ሳለች አጎቷ አንዴ መርካቶ አምጥቷት ስለነበር አገሩን አውቃለሁ ባይዋ እሷ ናት። መሳለሚያ አካባቢ አንዲት ክፍል እንከራያለን፤ የስፌት መኪና እንገዛለን። "ዓርብ እኔ መስጊድ ስሄድ አንቺ ትሰፊያለሽ፤ እሑድ አንቺ ስታስቀድሺ እኔ እሰፋለሁ። መኪናው ዕረፍት የለውም" ትለኝ ነበር። ገና ባልገዛነው አልጋ ላይ በግድግዳው በኩል ማን ይተኛል ብለን ግማሽ ቀን ተኳርፈናል። "ከውስጥ የሚቆለፍ በር ይኑረው እንጂ ሌላው ግድ የለም" አለችኝ ስንታረቅ። ካምፑ በር አልነበረውም።

ለቀማው ሊያልቅ ሲል ወባ ጣላት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ትራክተሩ ጥጥ ጭኖ ወደ ከተማ ሊነሣ ሲል፣ አዝዬ አወጣኋት። ሰውነቷ እሳት ነው፤ ያስታውካታል። አለቃችን፣ ካቦው፣ ተሳቢው አጠገብ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። እግሩ ላይ ወደቅሁ።

"ጋሼ፣ በልጆችዎ፣ ከጥጡ ላይ ያስተኙልኝ። ከተማ ክሊኒክ አለ።"

አየት አደረጋትና "ጥጡ ይቆሽሻል" አለ።

ይኸው ነው። ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ትራክተሩ ሄደ። እሱም ሻዩን ጨረሰ።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ራሷን ጭኔ ላይ እንዳደረገች አረፈች። የአገሯ ሰዎች ሰግደው ከመስኖው ቦይ ማዶ ቀበሯት። እኔ አላለቀስኩም። "አንድ ቀን አገኝሃለሁ" አልኩ እንጂ።

ያኖረኝ ያ ቃል ነው። መርካቶ ገባሁ፤ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ተቀጥሬ ሙያውን ተማርኩ፤ ቆይቼ በአብነት በኩል ይችን ሱቅ ያዝኩ። መርፌው በወረደ ቁጥር ሳገኘው የምለውን አጠና ነበር። የነፍስ አባቴ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብለው ቢቆጡኝም አልተውኩትም። በርበሬ በረንዳም ሆነ መሳለሚያ፣ የካቦውን ቁመት የሚያክል ሰው ካየሁ ቀድሜ ዞሬ ፊቱን ሳላይ አላልፍም።

አምና መጣልኝ። አንድ ሽማግሌ፣ እግሩ አብጦ፣ ምርኩዝ ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ልጄ እስክትደርስልኝ ልቀመጥ? እግሬ አላስቆም አለኝ።"

ገና አፉን ሲከፍት በድምፁ አወቅሁት። የደንበኛው ወንበር ባዶ ነበር።

"ወንበሩ ይቆሽሻል" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። ወንበሩን አንስቼ ወደ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ አዋሽን፣ ትራክተሩን፣ ሻዩን። ጎረቤቶቼ ሥራቸውን ትተው ይሰማሉ። የበሩን መቃን ይዞ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ዛሬም አልጸጸትም።

"በእጄ ብዙ ሰው አልፏል፤ አላስታውሳትም" አለ ቀስ ብሎ። "ስሟ ማን ነበር?"

ነገርኩት።

"የማን ልጅ?"

የአባቷን ስም አላውቅም። አገሯንም ወሎ ከማለት በቀር አላውቅም። ሴት ልጁ መጥታ ደግፋ ስትወስደው እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅሁም።

ያን ሁሉ ዓመት እሱን ስፈልግ እናቷን አንድ ቀን ፈልጌ አላውቅም። ጨርቅ የምገዛው ከወሎ ሰው፣ ጎረቤቴ የወሎ ሰው፤ አንዱንም ጠይቄ አላውቅም።

አሁን እጠይቃለሁ። በቀደም የጨርቅ ነጋዴው እናት ከአገር ቤት መጥተው ሱቄ ገቡ።

"እማማ፣ ጥጥ ለቀማ ሄዳ የቀረች ልጅ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

የያዙት ነጠላ ከእጃቸው ወደቀ። "ቁመቷ እንዴት ነው?"

"ረጅም ናት፤ ጠይም። ስትስቅ ድዷ ይታያል።"

ጎንበስ ብለው ነጠላውን አነሡ።

"የእኔዋ አጭር ናት" አሉ።

የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ግን እጄን ያዙና "ግድ የለም ልጄ፣ እስቲ የዚችን ንገሪኝ" አሉኝ።